የገበያ ቆሻሻ ፕላስቲክ ይሆናል? ከሐሙሲት ቲማቲም እስከ ችግኝ ከረጢት

ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ይህች የደራ ወረዳ ከተማ ሐሙስ ሐሙስ በሰውና በከብት ትሞላለች። ገበያው ሲበተን ሁለት ዓይነት ነገር መሬት ላይ ይቀራል። አንደኛው የፈረጠ ቲማቲም፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠልና ተመጥጦ የተጣለ ሸንኮራ አገዳ ነው። ሁለተኛው ፌስታል ነው።

የመጀመሪያውን ክምር ማንም ባይነካው እንኳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቦካል፣ ይሸታል፣ ይሟሟል። ፌስታሉ ግን እዚያው ነው። ነፋስ ወደ ማሳ ይወስደዋል፣ ጎርፍ ወደ ወንዝ ይጠርገዋል፣ ወንዙም ወደ ጣና ያደርሰዋል። ካልሆነም ላም ትበላዋለች፤ ሆዷ ውስጥ ገብቶ አይፈጭ፣ አይወጣ፣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ታዲያ የሚበሰብሰው ክምር የማይበሰብሰውን ሊተካ ይችላል ወይ? ማለትም ከፈረጠው ቲማቲም፣ ጊዜው ሲደርስ እንደ ቲማቲሙ የሚበሰብስ ፕላስቲክ መሥራት ይቻላል? ሳይንሱ «አዎ» ይላል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ባክቴሪያዎችም ከሩቅ አገር የሚመጡ አይደሉም፤ አሁኑኑ እግራችሁ ሥር ባለው አፈር ውስጥ አሉ። እኔ ግን የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነውና «ይቻላል» የሚለው ቃል ብቻውን አያጠግበኝም። ከስንት ኪሎ ቆሻሻ ስንት ኪሎ ይወጣል? ደግሞስ የት ነው የሚበሰብሰው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን እንግባ።

የባክቴሪያ ጎታ

ገበሬ የወቃውን እህል በአንድ ወር በልቶ አይጨርስም፤ ጎታ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የፎገራ በሬ ሣር በተትረፈረፈበት ወቅት ሻኛው ይሞላል። እኛም ከሚያስፈልገን በላይ ስንበላ ትርፉን ወደ ስብ ለውጠን እንይዘዋለን። ባክቴሪያም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። ምግብ ሲተርፈው ያከማቻል። ልዩነቱ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች የሚያከማቹት ነገር ስብም ስታርችም አለመሆኑ ነው፤ ፕላስቲክ ነው።

ይህንን በመጀመሪያ ያስተዋለው ሞሪስ ለሟኝ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ባሲለስ ሜጋቴሪየም በተባለ የአፈር ባክቴሪያ ውስጥ ያገኘውን ንጥረ ነገር ፖሊሃይድሮክሲቡታይሬት መሆኑን ለየ። ዛሬ ስሙን አሳጥረን ፒ ኤች ቢ እንለዋለን። ወንድሞችና እህቶችም አሉት፤ ቤተሰቡ በሙሉ ፒ ኤች ኤ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው የሚበላውን ስኳር ወይም አሲድ ቆራርጦ ቆራርጦ ሁለት ካርቦን ወዳላት ትንሽ ቁራጭ ያደርሰዋል። በደኅናው ጊዜ ይህችን ቁራጭ ግማሹን አቃጥሎ ጉልበት ያደርገዋል፣ ግማሹን ደግሞ ገላውን ይገነባበታል። ለመገንባት ግን ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ፕሮቲን ያለ ናይትሮጂን አይሠራም። አሁን ምግቡ ሞልቶ ናይትሮጂን ቢያልቅበትስ? ጤፍ ሞልቶ ምጣድ የጠፋበት ቤት ማለት ነው። መጋገር ካልተቻለ ጤፉን ወደ ጎታ መመለስ ነው። ባክቴሪያውም ሁለት ቁራጮችን አጋጥሞ ባለ አራት ካርቦን ዶቃ ይሠራል፣ ትንሽ ሃይድሮጂን ይጨምርበታል፣ ከዚያ አንድ ኢንዛይም ዶቃዎቹን በክር እንደ መሰካት አድርጎ በሺህ የሚቆጠሩትን ያያይዛቸዋል። ሦስት ኢንዛይም፣ ሦስት እርምጃ፤ በቃ።

ሰንሰለቶቹ በባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ተጠቅልለው ጥቃቅን እንክብሎች ይሆናሉ። ጎበዝ አከማች የሚባሉት፣ ለምሳሌ ኩፕሪያቪደስ ኔካቶር የተባለው ዝርያ፣ ከደረቅ ክብደታቸው ከመቶ 80 እጁን ያህል ፕላስቲክ ሊያደርጉት ይችላሉ። አስቡት፤ 50 ኪሎ የሚመዝን በግ 40 ኪሎው ላት ቢሆን እንደ ማለት ነው።

ጎታ ደግሞ የሚዘጋው ሊከፈት ነው። ባክቴሪያው ሲርበው ሰንሰለቱን መልሶ የሚፈታ ኢንዛይም አለው። ሌሎች ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎችም አፈር ላይ የወደቀ ፒ ኤች ኤ ሲያገኙ ተመሳሳይ ኢንዛይም ወደ ውጭ ረጭተው ይበሉታል። ቁልፉ ከጥንት ጀምሮ በተፈጥሮ ውስጥ ስለነበረ ማለት ነው። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ግን የሰው ሥራ ነው፤ ተፈጥሮ የተዘጋጀ ቁልፍ አልነበራትም፤ ለዚህ ነው ዘመናት የሚቆየው።

ቆሻሻው ለምን መቡካት አለበት?

ባክቴሪያው ንጹሕ ስኳር ብንሰጠው ደስ ይለዋል። ችግሩ አንድ ኪሎ ፒ ኤች ቢ ለማግኘት ሦስት ኪሎ ገደማ ስኳር መፍጀቱ ነው። ለሻይ የሚሆን ስኳር በተወደደበት አገር ይህ አያዋጣም፤ ልክም አይደለም። ስለዚህ ወደ ቆሻሻው እንመለሳለን። ይሁንና የቲማቲም ቆዳ፣ የጎመን ግንድ፣ የሩዝ ጭድ እንዳለ ለአከማቹ ባክቴሪያ ቢቀርብለት ጥርስ የለውም። አስቀድሞ የሚያላምጥለት ያስፈልጋል።

አላማጮቹ የመቡካት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሊጥ ከልኩ በላይ ሲቆይ የሚኮመጥጠው እነሱ አሲድ ስለሚሠሩ ነው። የገበያ ቆሻሻን ፈጭተን፣ ውሃ ጨምረን፣ አየር በማይገባው ታንከር ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን ገደማ ብናስቀምጠው ትልልቁ ሞለኪውል ሁሉ እየተሰባበረ ወደ አጫጭር አሲዶች ይለወጣል። አንዱ በየወጥ ቤቱ የምታውቁት የአቼቶ አሲድ ነው። ሌላው ቡቲሪክ አሲድ ይባላል፤ የከረመ ቅቤ የሚሸተው በእሱ ነው። ሦስተኛው ፕሮፒዮኒክ አሲድ ሲሆን፣ ይህን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

በገጠር የባዮጋዝ ጉድጓድ ያየ ሰው «ይህማ ባዮጋዝ ነው» ሊል ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። ባዮጋዝም የሚጀምረው በዚሁ አሲድ ነው፤ ከዚያ ሜቴን ሠሪዎቹ ይመጡና አሲዱን በልተው ጋዝ ያደርጉታል። እኛ የምንፈልገው መሃል መንገድ ላይ ማቆም ነው። ሜቴን ሠሪዎች ዝግተኞች ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚራቡት፣ ብዙ አሲድም አይወዱም። ስለዚህ ታንከሩ ውስጥ ያለውን በየጥቂት ቀኑ እያወጣን በአዲስ ከተካነው፣ ኮምጣጣነቱንም ከጠበቅነው፣ ሳይደርሱብን አሲዱን ይዘን እንወጣለን።

የሚቀጥለው ታንከር ግን ተቃራኒ ነው። አከማቾቹ አየር ይፈልጋሉ። ሌት ተቀን አየር የሚነፋ ማሽን ማለት ሌት ተቀን የሚቆጥር የመብራት ቆጣሪ ማለት ነው። ሰዎች ስለዚህ ቴክኖሎጂ ሲያወሩ ስለ ባክቴሪያው ያወራሉ፤ እኔ ግን ወጪው ሲሰላ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እዚህ ማሽን ላይ ነው።

ፍስክና ጾም

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። የቦካ ቆሻሻ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ። ፕላስቲክ የሚያከማቸውን ብቻ እንዴት እንለያለን? የፋብሪካው የቆየ መንገድ ሁሉንም በእንፋሎት ቀቅሎ መግደልና አንድ የተመረጠ ዝርያ ብቻ መዝራት ነው። ለመድኃኒት ይሆናል። ለፌስታል ዋጋ ግን አይሆንም።

ሌላው መንገድ፣ በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ ነገር ብልህነት ያለበት፣ ማስራብ ነው። ታንከሩ ውስጥ የተደባለቀ የባክቴሪያ መንጋ አድርጉ፣ ለምሳሌ ከፍሳሽ ማጣሪያ የተወሰደ ዝቃጭ። አሲዱን ባንዴ አፍስሱላቸው። ሁሉም ይሻማል። ምግቡ ባጭር ጊዜ ያልቃል፤ ከዚያ ለረጅም ሰዓት ምንም አትስጧቸው። ፍስክ፣ ከዚያ ጾም። ከዚያ እንደገና ፍስክ። በፍስኩ ሰዓት ያገኘውን ቶሎ ወደ ጎታ ያስገባ ባክቴሪያ በጾሙ ሰዓት ከጎታው እየበላ ይራባል። የበላውን ወዲያው ያቃጠለው ግን ይከሳል፣ ከታንከሩ በሚወጣው ውሃም ይጠረጋል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም መንጋው ራሱን ያጣራል። ማንንም አልመረጥንም፣ ማንንም በእንፋሎት አልገደልንም፤ ያደረግነው የምግብ ሰዓት ማውጣት ብቻ ነው።

በኔዘርላንድ ዴልፍት ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ያራቡት መንጋ የአቼቶ አሲድ ሲሰጠው ከ8 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 89 እጁን ፕላስቲክ ማድረጉን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። መንጋውን የገዛው ባክቴሪያ ከዚያ በፊት ስም እንኳ አልነበረውም፤ በኋላ ፕላስቲሲኩሙላንስ ተባለ፤ «ፕላስቲክ አከማች» እንደ ማለት ነው። ይህ በላቦራቶሪ ንጹሕ አሲድ ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ያው ቡድን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማርስ ቸኮሌት ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ በሞከረው የሙከራ ጣቢያ ከመቶ 70 ያህል አግኝቷል።

ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንፋሎትና ንጹሕ ክፍል የማይፈልግ፣ በታንከር፣ በፓምፕና በአየር መንፊያ የሚሠራ ዘዴ የወረዳ ከተማ ላይ ሊታሰብ ይችላል። መብራት ሲጠፋስ? አየሩ ሲቆም አከማቾቹ መብላት ያቆማሉ፤ መጥፋቱ ከረዘመም መንጋው ይበላሻል። ስለዚህ ሐሙሲት ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚያቅድ ሰው አስቀድሞ የሚያቅደው መጠባበቂያ ኃይሉን ነው።

የማን ቆሻሻ?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። የውጭ ጽሑፎች ላይ «የምግብ ቆሻሻ» ሲባል ማንም የማይፈልገው፣ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚጣል ነገር ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ቆሻሻ የምንለው አብዛኛው የሌላ ቀለብ ነው። የጠላ አተላ ቢራ ፋብሪካ እንደሚጥለው ገብስ ምርጥ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ቦክቷል፣ ለስልሷል። ነገር ግን ጠማቂዋ አተላውን ለላሟ ትሰጣለች ወይም ትሸጣለች። የሩዝ ጭድ ከፎገራ ሜዳ በገፍ ይወጣል፤ እሱም በበጋ የከብት መኖ ነው። ከላም አፍ ነጥቆ ፕላስቲክ መሥራት ላሟን ከፌስታል ለማዳን በሚል ሰበብ ሲሆን ያስቃል።

ስለዚህ እውነተኛ ትርፍ የሆነውን መፈለግ አለብን። ቲማቲም አንዱ ነው። የመስኖ ቲማቲም ባንዴ ደርሶ ዋጋው ሲወድቅ ማሳ ላይ እስከ መቅረት ይደርሳል፤ ከብትም ቢበላው መጠን አለው። የባሕር ዳር ጭማቂ ቤቶች የሚጥሉት የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ ሌላው ነው። የዓሣ ጥብስ ቤቶች ዘይትም አለ። ዘይት ሳይቦካ በቀጥታ የሚበሉ አከማቾች አሉ፤ ከስኳር ይልቅ በዘይት ላይ በኪሎ እጥፍ ያህል ፕላስቲክ ይሰጣሉ። የጣና ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ወንዝ ውስጥ ከሚደፋ ይህ ይሻላል።

«እምቦጭስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጣናን ዳርቻ ያስጨነቀው አረም ስሙ በተነሳ ቁጥር «ወደ ምርት እንለውጠው» ይባላል። እስቲ በጣት እንቁጠር። እምቦጭ ከመቶ 90 እጁ በላይ ውሃ ነው። አንድ ቶን፣ ማለትም 1,000 ኪሎ፣ ብናወጣ ደረቁ 60 ኪሎ ነው እንበል። በደግነት ግማሹ ወደ አሲድ ተለወጠልን እንበል፤ 30 ኪሎ። ከአሲዱ ሲሶው ፕላስቲክ ሆነ እንበል፤ 10 ኪሎ። ስናጣራ የሚጠፋውን ገና አልቀነስንም። ከሐይቁ ተጎትቶ፣ ተጭኖ፣ ተፈጭቶ፣ ቦክቶ የመጣ አንድ ቶን አረም በአንድ ሰው ትከሻ የሚነሳ ሸክም ይሆናል። ደግሞም እምቦጭ ጭረታም ነው፤ በሙቀት ወይም በኬሚካል ካልተፈታ ጥሩ አይቦካም። የማይረባ ሐሳብ ነው አልልም። ከሐይቁ ለሌላ ምክንያት እየወጣ ዳር ላይ የሚከመር ከሆነ ጥቅም አለው። ነገር ግን እምቦጭን ለፕላስቲክ ብሎ ማውጣት ሒሳቡ አይገጥምም።

ቲማቲምም ውሃ ነው፤ ስሌቱ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ ስኳሩ የተፈታና ለመቡካት የተዘጋጀ መሆኑ ነው።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ጨርሶ ያልተነካ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ባሲለስ ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎችን በሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ፣ በጤፍ ጭድና በሙዝ ልጣጭ መግበው ፒ ኤች ቢ አሠርተዋቸዋል። ከአራቱ የተሻለ ውጤት የሰጠው የሸንኮራ አገዳው ነበር። የጤፍ ጭድ በዚህ ዓይነት ጥናት ውስጥ ስሙ መግባቱ ራሱ ደስ ይላል፤ ሌላ አገር ማን ያስበዋል!

ከሆዱ እንዴት ይወጣል?

ባክቴሪያው ጎታውን ሞልቶ ተቀምጧል። ፕላስቲኩ ግን ሆዱ ውስጥ ነው። አንዱ መንገድ የደረቀውን ባክቴሪያ ክሎሮፎርም ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ፕላስቲኩ ይሟሟል፣ ቀሪው ይጣራል፣ ከዚያ ክሎሮፎርሙ ሲተን ነጭ ስስ ሽፋን ይቀራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያምራል። መርዛማ ፈሳሽን በበርሜል መጠቀም ግን አካባቢን ለማዳን የተነሳን ሥራ ትርጉም ያሳጣዋል። ሌላው መንገድ ሁላችሁም በምታውቁት በረኪና የባክቴሪያውን ግድግዳ መብላት ነው። እንክብሎቹ ነፃ ይወጣሉ፤ ግን በረኪናው ከበዛ ወይም ከቆየ የዶቃውን ክር ራሱ ይቆራርጠዋል፣ ፕላስቲኩም ደካማ ይሆናል። በሳሙናነት፣ በሙቀት፣ በኢንዛይም የሚሠሩ መንገዶችም አሉ። የትኛውም ቢመረጥ ከጠቅላላው ወጪ ትልቅ ድርሻ የሚወስደው ይህ ማውጣት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ንጹሕ ፒ ኤች ቢ 175 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ መበላሸት ይጀምራል፣ ስለዚህ ማሽን ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ነው ግን ደረቅ ነው፤ ጎንበስ ስታደርጉት እንደ ደረቅ ቂጣ ቀጭ ይላል። ከዚህ ፌስታል አይሰፋም።

መፍትሔው ያዙልኝ ያልኳችሁ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ነው። ባክቴሪያው እሱን ሲበላ ከአራት ካርቦኑ ዶቃ መካከል አልፎ አልፎ ባለ አምስት ካርቦን ዶቃ ይሰካል። ያቺ ጣልቃ የገባች ዶቃ ሰልፉን ትበትናለች፤ ሰንሰለቶቹ እንደ ድሮው ተጠጋግተው አይደረደሩም፣ ፕላስቲኩም ይለሰልሳል፣ ባነሰ ሙቀትም ይቀልጣል። እንግዲህ የሚገርመው ነገር፣ የፕላስቲኩን ጠባይ የሚወስነው ቆሻሻው እንዴት እንደቦካ ነው። ጥሬ ዕቃችሁ ዛሬ ቲማቲም፣ ነገ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ከነገ ወዲያ ማንጎ ከሆነ፣ ፕላስቲካችሁም ዛሬ ለስላሳ፣ ነገ ደረቅ ነው። የፋብሪካ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። ቆሻሻውን አመጣጥኖ ማቦካት ታዲያ እንደ ጠላ ጠመቃ ያለ ሙያ ነው።

«ይበሰብሳል» ማለት የት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታሎች ላይ ገደብ ጥላ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እንዲህ ያለ ሕግ በወጣ ቁጥር በየትም አገር አንድ ነገር ይከሰታል፤ «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ከረጢቶች ይመጣሉ። ሦስቱን መለየት ይገባል።

አንዳንዶቹ ያው ፖሊኤቲሊን ናቸው፤ ፀሐይ ሲመታቸው ቶሎ እንዲሰባበሩ የብረት ጨው ተጨምሮባቸዋል። ይሰባበራሉ እንጂ አይበሰብሱም። ዓይን የማያየው ፌስታል ሆኑ እንጂ አልጠፉም። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ አግዷል።

ሁለተኛው ፒ ኤል ኤ ይባላል። እሱም ከመቡካት የሚወጣ ነው፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ በፋብሪካ ተያይዞ ሲረዝም ፒ ኤል ኤ ይሆናል። ጥሩ ፕላስቲክ ነው። በቶሎ የሚፈርሰው ግን ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በሚሠራ ትልቅ የኮምፖስት ጣቢያ ውስጥ ነው። የጣና ውሃ ሃያዎቹ ዲግሪ ውስጥ ነው። ጣና ዳር የወደቀ የፒ ኤል ኤ ከረጢት እንደ ተራ ፌስታል ቢቆጠር ይሻላል።

ሦስተኛው የእኛው ፒ ኤች ኤ ነው። ተራ አፈርና ተራ ውሃ ውስጥ የሚበሰብስ በመሆኑ ከሌሎቹ ይለያል። ግን እዚህም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ1990 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የፒ ኤች ኤ ሻምፑ ጠርሙስ ለገበያ ቀርቦ ነበር። በዚያው ዘመን የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ከዚህ ፕላስቲክ የተሠሩ ዕቃዎችን ሉጋኖ በተባለ ሐይቅ ውስጥ 85 ሜትር ጥልቀት ላይ አስጥመው ለ254 ቀን አቆዩዋቸው። በሐይቁ ወለል ደለል ላይ የነበረው ስስ ሽፋን ጠፋ። ጠርሙሱ ግን ሲሰላ ጨርሶ ለመጥፋት ከ5 እስከ 10 ዓመት እንደሚፈልግ ታወቀ። አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ አንድ ሐይቅ፤ የለየው ውፍረቱ ነው። ምክንያቱም ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት ከላይ ከላዩ ነው፤ ሳሙና እንደሚያልቀው እንጂ ስኳር እንደሚሟሟው አይደለም።

ከፌስታል በፊት

እንግዲህ ፌስታልን በፒ ኤች ኤ እንተካ? እኔ አሁን አይመስለኝም። ዋጋው ከፖሊኤቲሊን ብዙ ጊዜ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በዘርፉ ስመ ጥር የነበረው የአሜሪካው ዳኒመር ሳይንቲፊክ እንኳ በ2025 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ተዳርጓል። ለአስር ደቂቃ ሽንኩርት ተሸክሞ ለሚጣል ነገር ዘንቢል አለ፤ ዘንቢል ደግሞ ባክቴሪያ አይፈልግም።

ይልቅ የችግኝ ፕላስቲክን እንመልከት። ያቺን ጥቁር፣ ጠባብ ከረጢት፣ አፈር ተሞልታ ችግኝ የሚፈላባትን። አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በመንግሥት መግለጫ በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ይተከላል፤ ብዙው ከዚህች ከረጢት የሚወጣ ነው። በተከላ ቀን ከረጢቷ በምላጭ ትቀደዳለች፣ ችግኙ ጉድጓድ ይገባል፣ ፕላስቲኩ ሰብሳቢ ካላገኘ ተራራው ላይ ይቀራል። አንዳንዴም ተካዩ ቸኩሎ ከነፕላስቲኩ ይተክለዋል፤ ያኔ ሥሩ ታንቆ ይጠማዘዛል።

ለዚህ ሥራ ፒ ኤች ኤ የተፈጠረ ይመስላል። መጨረሻው አፈር ነው፤ ባክቴሪያው እዚያው ይጠብቀዋል። ከነከረጢቱ ቢተከል ሥሩ ማለፊያ ያገኛል። እንደ ፌስታል መለመጥ የለበትም፤ አፈር ይዞ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ስለዚህ ደረቅነቱ ያን ያህል አይጎዳውም፣ የሩዝ ገለባ ዱቄት ተቀላቅሎበት ዋጋው ሊቀንስም ይችላል። ጥቁር ወይም ነጭ፣ ዛሬ ትንሽ ለስላሳ ነገ ትንሽ ደረቅ ቢሆን ችግኙ አይጠይቅም። ገዢውም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ገዢ ሳይሆን ጥቂት ችግኝ ጣቢያ ነው።

የሚቀረው ከባድ ጥያቄ ጊዜው ነው። ችግኝ እንደ ዛፉ ዓይነት ከጥቂት ወራት እስከ ዓመት ጣቢያ ውስጥ ይቆያል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከረጢቱ በየቀኑ ውሃ እየጠጣ፣ ሕያው አፈር ተሞልቶ ነው የሚቀመጠው። ከረጢቱን ሐምሌ ላይ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ጥር ላይም እዚያው አሉ፤ እስኪተከል ድረስ ጠብቁ ብትሏቸው አይሰሙም። የሳሳ ከረጢት ሚያዝያ ላይ ይቀደድና ችግኙን ይበትናል፣ የወፈረ ደግሞ ከተተከለ በኋላ ሥሩን ለዓመታት ያንቃል። ለባሕር ዛፍ የሚሆነው ውፍረት ለጽድ አይሆንም፤ ለባሕር ዳር ሙቀት የሚሆነው ለደብረ ታቦር ብርድ አይሆንም። ይህን ለማወቅ ውድ ማሽን አያስፈልግም። የተለያየ ውፍረት ያላቸው ከረጢቶች፣ አንድ ችግኝ ጣቢያ፣ ሚዛንና አንድ ዓመት ይበቃል። በየወሩ ጥቂቱን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ መመዘን ነው።